ጎረቤት አይቆጠርም

አሥመራ፥ ቃሓውታ
ኅዳር 10 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለምወድህ ለወንድሜ ልጅ ለደርበው ክፍሉ፤

ባሕር ማዶ ያለህ ልጄ፥ ሰላምታዬ ማዕበል ሳይነካው ይድረስህ። ጠባቂ መልአክህ አይለይህ፤ የምታነበውን ይግለጥልህ፤ ከክፉ ጓደኛና ከክፉ ምግብ ይሰውርህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ያረጀ እንጂ የታመመ አይደለም፤ የጤና ተማሪ ነህና ይህን ለይተህ አንብብልኝ።

ከተማችንን አዲስ ወሬ ይዟታል። ኮሌራ የሚሉት የሆድ በሽታ ከባሕር ወዲያ ገብቷል፥ ወደኛም እየመጣ ነው ተብሎ በየግድግዳው ማስታወቂያ ተለጥፏል። የተጻፈው በአማርኛ ነው። የሰፈራችንን ሰው ታውቀው የለ፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ተምረው ያነባሉ፥ እናቶችና አባቶች ግን የሚመጡት ወደኔ ነው። በሬ ላይ ቆመው "ኣደይ ላቀች፥ እንታይ ይብል?" ይሉኛል። እኔም መነጽሬን አድርጌ ምን እንደሚል እነግራቸዋለሁ። የአዋጁ ቋንቋ የኔ ቋንቋ ስለሆነ አዋጁንም ያወጣሁት እኔ የምመስላቸው ይመስለኛል። ክፉውን ቃል ባነበብኩ ቁጥር ቀና ብለው የሚያዩት እኔን ነው።

ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ ይላል። ይሁን፥ አፍልተናል። ሰላጣ አትብሉ ይላል። ይሁን፥ ጣልያን ሳይመጣ ሰላጣ ማን ይበላ ነበር? እጃችሁን ታጠቡ ይላል፤ ይህን እናቴም ትለኝ ነበር። ያናደደኝ ከዚያ በታች ያለው ነው። ሰው ሲሞት ከዐሥር የሥጋ ዘመድ በቀር ማንም ወደ ቀብር አይሂድ፤ ዳስ አይጣል፤ ሴቶች ጮኸው አያልቅሱ፤ የሞተ ሰው ተዝካር አይውጣ። በሽታውን የሚያዛምተው ለቅሶ ነው አሉ። ሲኒማ ቤቱ ግን እሑድ እሑድ ጢም ብሎ ይውላል። አውቶቡሱን ፌርማታ ላይ ብታየው ሰው በሰው ላይ ተነባብሮ ነው። ታዲያ በሽታው ትኬት የቆረጠውን ይምራል፥ ያለቀሰውን ያሳድዳል ማለት ነው? በቤት ጊዮርጊስ ኬላ ደግሞ ከምጽዋ የሚወጣውን ማኪና እያስቆሙ ጎማው ላይ መድኃኒት ይረጫሉ። ጎማ ተቅማጥ ይዞት ያውቃል ወይ? አንተ የተማርከው ንገረኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ልጅ እንዳልወለድኩ ታውቃለህ፤ ባለቤቴም ነፍሱን ይማረውና ቀድሞኛል። ስለዚህ በመጪው ጥር፥ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፥ የቁም ተዝካሬን ላወጣ ቆርጫለሁ። ስሞት ማን ያበላልኛል፥ ማን ያስጸልይልኛል እያልኩ ከምብሰለሰል በቁሜ አብልቼ፥ በቁሜ አስጸልዬ፥ ምርቃቱን በጆሮዬ ሰምቼ ብሞት ይሻለኛል። እህሉ ተሰናድቷል። ጎረቤቴ ኣብርሄት ብቅሉን አብቅላ በቤቷ ጣራ ላይ አስጥታልኛለች። ሳቋን ብትሰማው! "ላቀች ሓፍተይ፥ የራስሽን ተዝካር ራስሽ ልትበዪው ነው?" ትለኛለች። "እንዴታ፥ ለናንተ ብተወውማ እኔ አልቀምሰው" አልኳት።

አዋጁን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የሞተ ሰው ተዝካር ነው የሚለው። ስለ ቆመ ሰው አንዲት ቃል የለበትም። ፈቃድህንና ምርቃትህን ላክልኝ፤ ሌላ ምንም አትላክ።

አክስትህ ላቀች


ቤይሩት
ኅዳር 27 ቀን 1963 ዓ.ም.

እንደ እናት ላሳደጉኝ ለክብርት አክስቴ ለወይዘሮ ላቀች፤

እትዬ፥ ባሉበት የሰላም አምላክ ይጠብቅዎ። የእኔ ጤና በእርስዎ ጸሎት ደህና ነው። ትምህርቱ ይከብዳል፤ በርበሬው አልቆብኛል፤ ከዚህ ሌላ የጎደለብኝ የለም።

ደብዳቤዎን ሳነብ በጎማው ሳቅኩ፥ በተዝካሩ ግን ደነገጥኩ። እትዬ፥ ይህ በሽታ ቀልድ አያውቅም። በውሃና በእጅ ነው የሚተላለፈው። ብዙ ሰው ባንድ ቤት ተሰብስቦ፥ ባንድ ዋንጫ ሲቀባበል፥ ባንድ ገበታ ሲበላ ካልተላለፈ የት ሊተላለፍ ነው? እኛ እዚህ ገና ማንም ሳይታመም ተጠንቅቀናል። በማደሪያችን ባንድ ክፍል ከአራት ሰው በላይ እንዳይሰበሰብ የሚለውን ማስታወቂያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በየበሩ ተለጥፏል፤ መምህሬም አመስግነውኛል። ሲኒማ ቤቱ ለምን እንዳልተዘጋ አላውቅም። አንዱ በር ክፍት ነው ተብሎ ግን ሌላውም አይከፈትም።

ሌላም ነገር አለ። ልጽፈው አልፈለግኩም ነበር፥ ግን አላስቻለኝም። የቁም ተዝካር የሚያወጣ ከኋላው ሰው የሌለው ነው። እኔን ከአባቴ ሞት በኋላ በጀርባዎ አዝለው አሳድገው፥ አስተምረው፥ እዚህ አድርሰው፥ ዛሬ "ማን ያበላልኛል" ሲሉ ይጽፉልኛል። እኔ ሰው አይደለሁም ወይ? የሰፈሩ ሰውስ ደርበው ለአክስቱ የማይሆን ነው ቢል ይፈረድበታል?

በሚመለስ ተማሪ እጅ ውሃ የሚያጠራ እንክብል ልኬያለሁ። አንዷን ለአንድ እንስራ ይጨምሩ። አብሮ አደጌ ዘርእዝጊም አሁን አሥመራ ውስጥ የጤና ተቆጣጣሪ ሆኗል፤ ብቅ እያለ እንዲያይዎ ጽፌለታለሁ። እባክዎን ከቤት አይውጡ፤ ሰውም አይሰብስቡ።

ልጅዎ ደርበው


አሥመራ
ታኅሣሥ 14 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለልጄ ለደርበው፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ። ከባዕድ አገር ብርድ ይሸፍንህ።

እንክብልህ ደርሶኛል። አንዷን ለሙከራ ከጠላው ውሃ ጨመርኳት። ጠላው አኮረፈ። አልፈላ አለ፥ አልኮመጥጥ አለ፥ ዝም ብሎ እንደ ሙሽራ ቁጭ። ኣብርሄት ቀመሰችውና "ይህ የታጠበ የሆስፒታል ወለል ነው" ብላ ተፋችው። የቀረውን አስቀምጬዋለሁ፤ የማይጠጣ ነገር ሲገኝ እጨምረዋለሁ።

ዘርእዝጊህም መጥቶ ነበር። "ኣደይ ላቀች፥ ደርበው ሰላም ብሎዎታል" ብሎ ቁጭ አለ። ጨዋ ልጅ ነው፥ ከንፈሩ ሰላምታ ይሰጠኛል። ዓይኑ ግን ከጋኔ አልተነሳም። ጋኑ ባዶ መሆኑን እስኪያረጋግጥ ድረስ ሻሂውን አላጣጣመውም። አክስትህን በሰላይ ታስጠብቃለህ? ያሳደገ እጅ ተነከሰ ይሏል ይህ ነው። ቢሆንም ሁለተኛ ብርጭቆ ቀዳሁለት፥ እናቱን ስለማውቃት።

ስለ አዋጁ ስከራከርህ ጊዜዬን አላባክንም። አንተ የምታውቀውን በሽታ እኔ አላውቀውም፤ ይህን አምናለሁ። እኔ የማውቀውን ደግሞ አንተ ረስተኸዋል፥ ልጅ ስለነበርክ። ባለቤቴ የሞተ ጊዜ እዚህ ሰፈር ገና እንግዳ ነበርን። ሰው ከሩቅ ያየን ነበር፤ መንግሥት ያመጣቸው ናቸው፥ ነገ ይሄዳሉ ነው የሚባለው። እውነታቸውን ነው። የዚያን ለታ ኣብርሄት ፍራሿን ተሸክማ ገባችና ከአልጋዬ ሥር አነጠፈችው። እኔ ትግርኛ አላውቅ፥ እሷ ያኔ አማርኛ አታውቅ። "ኣጆኺ" ትለኛለች። አይዞሽ ማለቷ እንደሆነ ማንም ሳይተረጉምልኝ ገባኝ። እሷ ከገባች በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ገባ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የሚለውን ሲተርቱ ሰምቼ ነበር፤ ትርጉሙን ያወቅኩት ግን ያን ጊዜ ነው። ያኔ ዐሥር ሰው ብቻ ይግባ ቢባል ኖሮ እኔ ዛሬ ደብዳቤ የምጽፍ ሰው አልነበርኩም።

እንግዲህ ስማኝ። ተዝካሩን እስከ ፋሲካ ማግስት አቆየዋለሁ። ለማስታወቂያው ስል አይደለም። "እኔ ሰው አይደለሁም ወይ" ያልከኝ ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ ነው። ሰው ነህ ልጄ። ሰውነትህን ተጠራጥሬ አይደለም፤ መንገዱ ረዘመብኝ እንጂ።

አንድ ነገር ጠይቅልኝ። የኣብርሄት እግር እያበጠ ነው፤ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። ሐኪሙ ልብ ነው ብሏል። እዚያ ለልብ የሚሆን መድኃኒት ካለ ምንም ብለህ ላክልኝ። ባለፈው ምንም አትላክ ያልኩትን ተወው።

አክስትህ ላቀች


ቤይሩት
ታኅሣሥ 30 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰዎ። የዓመት ሰው ይበለን።

እትዬ፥ ደስታዬን በምን ልግለጸው! ተዝካሩን ማቆየትዎን ሳነብ ደብዳቤውን ሳምኩት። እርስዎን ያህል ሰው ከተመለሰ ሌላው ይከተላል። ለመምህሬም ነግሬያቸው "ብልህ አክስት አለህ" አሉኝ።

ስለ እማማ ኣብርሄት ጠይቄያለሁ። በዓይን ሳያዩ መድኃኒት አይታዘዝም አሉኝ፤ አንድ ሐኪም ወዳጄን እየለመንኩ ነው። እስከዚያ ዕረፍት ያስፈልጋቸዋል። ከቤት እንዳይወጡ ይንገሯቸው፤ ጠያቂም እንዳይበዛባቸው፥ በዚህ ጊዜ ሰው በቀነሰ ቁጥር ይሻላል። ትምህርት ቤት ስሄድ በወረቀት የሚጠቀልሉልኝ ሕምባሻ እስከ ዛሬ በአፍንጫዬ አለ። ስመጣ እንደዚያው ትኩስ ይዛ እንድትጠብቀኝ ይንገሯት። አንቺ አልኳቸው መሰለኝ፥ ይቅርታ ይጠይቁልኝ።

ልጅዎ ደርበው


ቤይሩት
ጥር 19 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለእትዬ፤

ሰላምታዬ ይቅደም። ደብዳቤዎ ቀረብኝ። ታመው ይሆን? ለዘርእዝጊ ብጽፍለት "ደህና ናቸው" ብሎ በአንድ መስመር መለሰልኝ፤ ዘርእዝጊ ደግሞ ባንድ መስመር የሚጽፍ ሰው አይደለም። ሐኪሙ ወዳጄ ለእማማ ኣብርሄት የሚሆን መድኃኒት አግኝቶልኛል። የማስረክበው ሰው ይጠቁሙኝ። እባክዎን ቶሎ ይጻፉልኝ።

ደርበው


አሥመራ
ጥር 24 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለልጄ ለደርበው፤

የጥንቱ አምላክ ካንተ ይሁን። ይህን ደብዳቤ የምታነበው ብቻህን ሆነህ ከሆነ እዚህ ላይ እጠፈውና ሰው ወዳለበት ሂድ። እዚያ ስትደርስ ክፈተው።

መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር አላጣሁትም። ማለዳ በርህን የሚያንኳኳ ሽማግሌ ባገኝ በላክሁልህ ነበር። ዝም ያልኩህ ለዚህ ነው፥ የምልከው ሰው ሳፈላልግ። አላገኘሁም። ኣብርሄት አርፋለች፥ ልጄ። ከልደት በዓል በኋላ፥ አንተ ትኩስ ሕምባሻ ያዘዝክበት ደብዳቤ እንደ ደረሰ ሰሞን። አንብቤላት ነበር። "አንቺ ያለኝ ልጄ ስለሆነ ነው፥ ምን ይቅርታ አለው" ብላ ስቃለች። ያን ስቃ ነው የሄደችው።

ሐኪሙ በልብ ሕመም ሞተች ብሎ ፈርሟል። በኮሌራ አይደለም፤ በዚህ ከተማ በኮሌራ የሞተ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም። አዋጁ ግን ምን ገደላት ብሎ አይጠይቅም። ልጇ ለምለምና የእናቷ ወንድሞች ዐሥሩን ሞሉት። ወደ ትውልድ መንደሯ ወደ ዓዲ ጓዕዳድ ወሰዷት። እኔና የሰፈሩ ሴቶች በእግራችን ተከተልን። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ዘበኛ ቆሟል። "ዘመድ ነዎት?" አለኝ። "ጎረቤቷ ነኝ" አልኩት። "ጎረቤት አይቆጠርም" አለኝ።

ደርበው፥ ብዙ ነገር ሰምቼ አርጅቻለሁ፥ እንደዚህ ያለ ቃል ግን አልሰማሁም። ከግንቡ ውጭ ቆምን። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ፥ ድምፅ እንዳይወጣ። አፈሩ ሲመለስ ሰማነው፥ አላየነውም። አገሩ ሲመርቅ "ቀባሪ አያሳጣህ" አይደለም የሚለው? ቀባሪ ነበራት፤ በር ላይ አስቁመውት ነው። ፍራሿን ተሸክማ የገባችልኝን ሴት ከግንብ ውጭ ቆሜ ቀበርኳት። አንተ ሰው በቀነሰ ቁጥር ይሻላል ያልከኝ ይህ ነው። አልረግምህም፤ እንድታውቀው ብዬ ነው።

ከዚያ በእግሬ ወደ ቀሺ ተስፋሚካኤል ሄድኩ። የነፍስ አባቷ ናቸው፥ የኔም። "በአስተርእዮ ማርያም የቁም ተዝካሬን አወጣለሁ፤ የቁም ፍትሐት ይጸልዩልኝ" አልኳቸው። ደግሞም አሳቤን ነገርኳቸው። "ያንቺንም የክርስትና ስም አውቀዋለሁ፥ የሷንም አውቀዋለሁ። በዚያ ቀን ከአፌ የቱ እንደሚወጣ እግዚአብሔር ያውቃል" አሉኝ።

ያቆየሁትን ጋን ጠነሰስኩ። ጠላው የተጠመቀው በኣብርሄት ብቅል ነው፤ ራሷ ያበቀለችው፥ ራሷ ያሰጣችው። ውሃውን አፍልቻለሁ። ጥሬ ነገር ከቤቴ አልገባም። እንክብልህን በር ላይ ባኖርኩት የእጅ መታጠቢያ ውሃ ጨመርኩት፤ ሳይታጠብ የገባ የለም። እልኸኛ ነኝ እንጂ ቂል አይደለሁም። ሰው ቢታመም ኖሮ ተጠያቂዋ እኔ እንደሆንኩ አውቄ ነው ያደረግኩት። ማንም አልታመመም።

ሰፈሩ ሁሉ መጣ። እኔ ነጭ ለብሼ በሩ ላይ ወንበር ዘርግቼ ተቀመጥኩ፥ እንደ ሟችም እንደ አስተናጋጅም። ዘርእዝጊ ዘበኛ አስከትሎ ደረሰ።

"ኣደይ፥ የሞተ ሰው ተዝካር ክልክል ነው" አለኝ።

"ማን ሞተ?" አልኩት።

"ይህ ሁሉ ሰው ታዲያ?"

"የቁም ተዝካሬ ነው። የሞትኩ ከመሰለህ እጄን ጨብጠው፥ ይሞቃል።"

"መጨባበጥም ክልክል ነው" አለ፥ ሳቁን ዋጥ አድርጎ።

ይህን ስንባባል ቀሺ ተስፋሚካኤል ጸሎቱን ጀምረው ነበር። ከስሙ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ወለተ ሥላሴ" አሉ። ያን ጊዜ ቤቱ ተናወጠ። ነጠላቸውን በአፋቸው ከትተው ከግንቡ ውጭ የቆሙት ሴቶች ሁሉ ባንድ ጊዜ ለቀቁት። ለምለም ደረቷን መታች። "ኣደየ! ኣደየ!" አለች። ያን ያህል ቀን ታፍኖ የኖረ ጩኸት ነው፥ ጣራው እንዴት እንደቻለው አላውቅም። እኔም ከወንበሬ ሳልነሣ አለቀስኩ።

ዘርእዝጊ ፊቱ ተለወጠ። "ኣደይ ላቀች፥ ወለተ ሥላሴ የእርስዎ የክርስትና ስም ነው?" አለኝ።

"የክርስትና ስም ለነፍስ አባት እንጂ ለጤና ሹም አይነገርም" አልኩት።

"እርስዎ እዚህ በሕይወት ተቀምጠው ይህ ሁሉ ለቅሶ ለማን ነው?"

"እኔ ስሞት እንዲያለቅሱ አይፈቀድላቸውም ብዬ ነው፥ አስቀድመው ይጨርሱት።"

ለምለምን አያት። ከዚያ የኣብርሄትን የተዘጋ በር አየ። ልጅነቱን እዚህ ሰፈር ነው ያሳለፈው፤ ሕምባሻው የደረሰው ላንተ ብቻ መሰለህ? ባርኔጣውን አወለቀ። ወደ ዘበኛው ዞሮ "የተዝካሩ ባለቤት እኚህ ናቸው፥ በሕይወት አሉ፥ አይተሃቸዋል?" አለው። "አይቻለሁ ጌታዬ" አለ ዘበኛው። "እንግዲያው የሞተ ሰው ተዝካር የለም።" እጁን ታጥቦ፥ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ቆሞ የቀዳሁለትን ሻሂ ጠጣ፤ የፈላ ነገር አልተከለከለም። ሲሄድ ቀስ ብሎ "የቐንየለይ፥ ኣደይ" አለኝ። ያመሰገነኝ ለሻሂው ሳይሆን ለኣብርሄት ስላደረግኩት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

እንግዲህ የኔ ነገር ይህ ነው። ለራሴ ያሰናዳሁትን እህል ለኣብርሄት አበላሁት። ለራሴ ያልኩትን ጸሎት ለሷ አስጸለይኩት። ደግሜ የማወጣበት አቅም የለኝም፥ ቢኖረኝም አላወጣም። ሰው አይደለሁም ወይ ብለኸኝ አልነበረም? በል፥ ተዝካሬ ባንተ ላይ ወድቋል። መንገዱ ረዘመም አጠረም ራስህ ትመጣለህ። በር ላይ ስትደርስ ዘመድ ነህ ወይ ቢሉህ የምትመልሰውን አስብበት።

አክስትህ ላቀች


ቤይሩት
የካቲት 15 ቀን 1963 ዓ.ም.

ላሳደጉኝ ለእትዬ ላቀች፤

እግዚአብሔር ያጽናዎ። ለለምለምም እንዲሁ ይበሉልኝ።

እጠፈውና ሰው ወዳለበት ሂድ ብለውኝ ነበር። አጠፍኩትና ሄድኩ። እዚህ ከተማ ጽገ የምትባል የከረን ሴት አለች፥ በሰው ቤት የምትሠራ። እሷ ዘንድ ደርሼ ነው የከፈትኩት። እማማ ኣብርሄትን አታውቃቸውም፤ ደብዳቤውን ሳነብላት ግን ከኔ በፊት አለቀሰች። ወዲያው ተነሥታ ለሌሎቹ ሐበሾች ነገረች፥ እነሱም ለሌሎች። የሷ አሠሪዎች ሰው አያስገቡም፤ ስለዚህ ሁሉም ወደኔ ክፍል መጡ። በአልጋዬ ላይ፥ በወለሉ፥ በመተላለፊያው ተቀመጡ። ከጎን ክፍል ያሉ ዐረቦችም ምን ሆናችሁ ብለው ገቡ፤ የሞተችው ማን ናት አሉኝ። ጎረቤታችን ናት አልኳቸው። ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ።

የማደሪያው ዘበኛ መጥቶ በሬ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ በጣቱ መታ መታ አደረገልኝ። "የጻፍኩት እኔ ነኝ፥ አውቀዋለሁ" አልኩት። እጃቸውን ግን አስታጥቤያቸዋለሁ፤ ይህን ከልማዴ አልተውኩም።

ስለ ተዝካርዎ የጻፉልኝን ተቀብያለሁ። አወጣዋለሁ፤ ነገር ግን ብቅሉ የሚበቅልበት ገብስ ገና አልተዘራም፥ ስለዚህ አይቸኩሉብኝ። ትምህርቴን በሰኔ እጨርሳለሁ። ለልብ የተገኘውን መድኃኒት ይዤ እመጣለሁ፤ ለሰፈሩ ሰው ይሆናል።

በዚያን ዕለት ስንት ሆነን እንዳለቀስን ዘርእዝጊ ቢጠይቅዎ ደርበው አልነገረኝም ይበሉት። ጎረቤቶቹም ነበሩበት፤ አልቆጠርኩም።

ልጅዎ ደርበው